ኮሶዬ ኩርባ ላይ የምትግደረደረው ጂፕ

ባሌ ዋኘው ከሰው ይልቅ ከማኪና ጋር ይግባባል። ጠዋት ተነስቶ እኔን «እንዴት አደርሽ» ከማለቱ በፊት ደጅ ወጥቶ ጂፕዋን ይዞራታል፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ ሆዷን ያያል፣ «ምነው አንቺ፣ ዛሬም ዘይት አንጠባጠብሽ?» ይላታል። እኔን ሆዴን ሲቆርጠኝ ያደረ እንደሆነ ግን «ምን በልተሽ ነው?» ብሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ይሁን። ሾፌር ያገባች ሴት ጣውንቷን ገና በሠርጓ ቀን ታውቃታለች።

ጂፕዋ እንኳ የእሱ አይደለችም። የወይዘሮ ወለተሩፋኤል ናት፤ ጎንደር ላይ እህልና ጨው የሚነግዱ ባልቴት ናቸው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከአንድ ፈረንጅ ገዟት። በር የላትም፣ ጣሪያዋ ሸራ ነው። ፈረንጁ ሲያስረክብ እሱ አማርኛ አያውቅም፣ ዋኘውም የእሱን አፍ አያውቅም፤ በእጅ ተግባቡ። ከማርሹ አጠገብ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሉ። አንደኛዋ ወደ ኋላ ስትሳብ የፊቱም ጎማ እንደ ኋላው ይሠራል፣ አራቱም መሬት ይቧጥጣሉ፤ ይኸ ለጭቃ ነው። ወደ ፊት ስትገፋ የኋላው ብቻ ይሠራል። ሁለተኛዋ ለከባድ ጭነት ናት። ፈረንጁ በመጨረሻ ሁለቱንም ዘንግ ወደ ፊት ገፋ፣ ጣቱን ቀስሮ ዋኘውን አፍጥጦ አየው፣ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዋኘው ማኪና ባቆመ ቁጥር ሳያይ፣ ሳያስብ፣ ሁለቱን በመዳፉ ወደ ፊት ገፍቶ ነው የሚወርድ። እኔ ከአልጋ ስወርድ እንደማማትበው ማለት ነው።

አሁን የማወራው ስለ ኩርባው ነው። ስለ ኩርባው ለማውራት ግን መጀመሪያ ስለ አያ አድማሴ መናገር ግድ ይላል።

አያ አድማሴ የዋኘው ታላቅ ወንድም ነው። ኮሶዬ፣ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የአባታቸውን እርሻ ያርሳል። አባታቸው ሲሞቱ ዋኘው መተማ መንገድ ላይ ማኪና ተሰብሮበት ለቀብር አልደረሰም። ለተዝካሩ ግን ደረሰ። ዳሱ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ መቼም ጠላው ነው ያናገረው፣ አያ አድማሴ «የኔ ወንድም አባቱ ማኪናው ነው፤ እሷ የሞተች ቀን ያለቅሳል» አለ። ሰው ሳቀ። ዋኘው ብድግ አለና «ከእንግዲህ ደጅህን ብረግጥ ሩፋኤል እግሬን ይስበረው!» ብሎ ምሎ ወጣ። ወትሮ አንድ ቃል ለማውጣት የሚያምጥ ሰው፣ ያን ዕለት አፉን ሲከፍት መልአክ ጠርቶ አረፈው።

ችግሩ፣ እናታቸው እማሆይ ሽታዬ የሚኖሩት እዚያው አያ አድማሴ ቤት ነው። ዋኘው መላ አበጀ። በኮሶዬ ባለፈ ቁጥር መንገዱ ላይ ሆኖ ጡሩምባ ይነፋል፤ እማሆይ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷልና ልጃቸውን የሚለዩት በጡሩምባው ነው። እሱ ከመቀመጫው ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ ይስማቸዋል፣ ስኳሩንና ሻማውን ያስይዛቸዋል። «ግባ እንጂ ልጄ» ይላሉ። «እቸኩላለሁ እናቴ» ይላል። እንዲሁ ሲቸኩል ዓመታት አለፉ።

በአንዱ ክረምት የእማሆይ እግር ተያዘ፤ ከመኝታቸው መነሳት አቃታቸው። መስከረም ላይ ዋኘው ጡሩምባ ነፋ፣ ማንም አልወጣም። ደግሞ ነፋ። ስኳሩን ይዞት ተመለሰ። ቅዳሜ ገበያ የመጣች የኮሶዬ ሴት «ለዋኘው፣ ጡሩምባህን እሰማለሁ፣ አንተን ግን አላየሁህም በይልኝ ብለዋል» ብላ መልእክታቸውን ነገረችኝ። ነገርሁት። ደጅ ወጥቶ የጂፕዋን መስተዋት ይወለውል ጀመር። የተወለወለ መስተዋት ነበር። «አንድ ቀን ጡሩምባ ስትነፋ በእሪታ ይመልሱልሃል!» አልሁት። የእማሆይ ዕድሜ እንደ ጧፍ እያለቀ፣ ይኸ ሰውዬ አንድ ጓሮ ማቋረጥ አቅቶት መስተዋት ይወለውላል።

ኩርባው የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ድብ ባሕር ላይ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ነበርና ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጂፕዋን ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ወልደኢየሱስ አዋሱ። መምሬ ሥራውን እንዲያዩ ዋኘው ያመላልሳቸዋል። ኮሶዬ ከመድረሱ በፊት፣ ዳገቱ ላይ፣ ጣሊያን ድንጋይ ያነጠፈበት አንድ ክፉ ኩርባ አለ፤ ቀስ ካላሉ አይዞርም። እዚያ ሲደርስ መሪው እምቢ አለው። ሲጠመዝዘው መልሶ ይገፋዋል፣ ማኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ ጎማዋ ድንጋዩ ላይ ያፏጫል፣ ከሥር አንድ ነገር «ጓ!» ይልና ሞተሩ ይጠፋል። «እንደ ሙሽራ ትግደረደራለች» ብሎ ስቆ አወራልኝ የመጀመሪያ ቀን። በሚቀጥለውም ጉዞ እንዲሁ ሆነች። በሌላውም። ሳቁ አለቀ።

ሰጠኝን ጠራነው። ሰጠኝ አውቶ ፓርኮ ሰፈር ጎረቤታችን ነው፤ መካኒክ ነው፣ ማኪና ሲያይ እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ጂፕዋን በክሪክ አነሳት፣ የፊት ጎማዋን በእጁ አሽከረከረ፤ ያለ ችግር ዞረ። ኩሽኔቱን ፈታ፣ አጠበ፣ ግራሶ ቀባ፣ መልሶ ገጠመ። የመሪውን ክንድ ነቀነቀ። ከዚያ ራሱ ተቀምጦ የጃንተከልን አደባባይ በዝግታ ዞረው። መሪው እንደ ቅቤ ነው አለ። «ምናልባት ያችን ቦታ ብቻ ይሆናል የምትጠላው» ብሎ ከዋኘው ጋር እስከ ኩርባው ድረስ ሄደ። ሁለቱ ብቻ ናቸው እንግዲህ፣ መምሬ የሉም። ጂፕዋ ምንም ሳትል ዞረችላቸው። ሰጠኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ማኪናዋ ጤነኛ ናት። አንተን ነው የሚያምህ» አለው።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ተጀመረ። ወጌሻ ጋ ሄደ፤ «ትከሻህ ወልቋል» አለችው። አልወለቀም ነበር፤ አሽታ አሽታ፣ ስባ ስባ፣ ያልታመመውን ትከሻ አሳመመችው። ቤቴ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። በሚቀጥለው ጉዞ መምሬን ይዞ ሲሄድ ኩርባው ላይ ያው እንደ ወትሮው ሆነ፤ አሁን ግን ትከሻውም ጭምር ያመዋል። ቤት ሲመጣ ራቱን አልበላም። ሾፌር ክንዱ ከከዳው ምን ይባላል? «ሊጥ ላቡካልሽ ይሆናል ከእንግዲህ» አለኝ። የእሱን ቡኮ የሚበላ ሰው አሳየኝ፤ ግን አሳዘነኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ከጂፕዋ ሥር ተኝቶ ሳለ ድንገት ወጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ይመኙሽ፣ ገባኝ» አለኝ።

«ምኑ ነው የገባህ?»

«መምሬ ከሌሉ ትዞራለች። መምሬ ካሉ አትዞርም። ደግሞ የት ነው የምታቆመኝ? ወደ እናቴ ቤት መዳረሻ። ማኪናዋም አይደለች፣ ክንዴም አይደለ። እናቴን መንገድ ላይ ጥዬ ማለፌ ነው። መስቀል የያዘ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ እጄ ይታሰራል!»

እኔ ስለ ማኪና ምን አውቃለሁ? እሰይ አልሁ በሆዴ። ምልክት ይሁን ሌላ፣ ብቻ እማሆይ ቤት ያግባልኝ።

መምሬ ወልደኢየሱስ ጋ ሄዶ ተንበርክኮ ተናዘዘ። እሳቸውም አላቅማሙም። «ሐሙስ ስንሄድ እኔው ራሴ ይዤህ እገባለሁ፤ መሐላህን ደጃፉ ላይ እፈታልሃለሁ። አንተ ድንጋይ ተሸክመህ ወንድምህ እግር ላይ ትወድቃለህ፣ ያነሳሃል፣ አለቀ» አሉት። ዋኘው ድንጋይ መረጠ። የትኛውን ብትሉ፣ ዳገት ላይ ሲቆም ለጎማው ታኮ የሚያደርገውን። ለዕርቁ እንኳ ከማኪና ዕቃ አልወጣም።

ሐሙስ ተነሳን። መምሬ ከፊት ከዋኘው አጠገብ፣ እኔና ሰጠኝ ከኋላ። እኔ ለእማሆይ የፈተልሁትን ጋቢ ታቅፌያለሁ። ሰጠኝ ደግሞ «በዓይኔ ሳላይ አላምንም» ብሎ ነው የመጣው። መምሬ ከዳዊታቸው አይለዩም፤ የብራና ዳዊት ነው፣ በወፍራም የቆዳ ማኅደር ውስጥ፣ አንድ ጠቦት ያህል ይከብዳል። መጽሐፍ መቼም እግር ሥር አይጣልም። ጉልበታቸው ላይ እንዳይዙት መንገድ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ትከሻቸው ላይ እንዳይተዉት በር የሌላት ማኪና ናት፣ ገደል ይገባብኛል ብለው ይሰጋሉ። ስለዚህ እንደ ተቀመጡ በማንገቻው መሐል ካለችው አጭር ዘንግ ላይ ሰቀሉት፣ ካባቸውን ከላይ ደረቡ፣ አሸለቡ። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን መጽሐፍ የሚሰቀለው ኩላብ ላይ ነው፤ ማናችንም ምንም አልመሰለንም።

ዳገቱን ተያያዝነው። ኩርባው ጋ ስንደርስ ዋኘው ስመ ሥላሴ ጠርቶ መሪውን ጠመዘዘ። መሪው መለሰው። ጂፕዋ ተንገጫገጨች፣ ጎማው አፏጨ፣ «ጓ!» አለች፣ ቆመች።

«ይኸው!» አለ ዋኘው። «ይኸው አያችሁ!» እንባው ዱብ ዱብ አለ። ለአባቱ ተዝካር ያላለቀሰ ሰው።

ሰጠኝ ዘሎ ወረደ። መጀመሪያ ድንጋዩን ለጎማው ታኮ አደረገ፤ ለዕርቅ የተመረጠውን ማለቴ ነው። ከዚያ ማኪናዋን ትቶ መሬቱን ያይ ጀመር። የፊቱ ጎማ ያለፈበት ድንጋይ ላይ ጥቁር ጭረት አለ። በጣቱ ነካው፣ አሸተተው። «ይኸ ጎማ ተንከባሎ አይደለም የመጣ» አለ፤ «ተጎትቶ ነው። ዋኘው፣ አራቱንም አሥረሃል እንዴ?»

«በበጋ? በደረቅ ድንጋይ? አብደሃል!»

«ዘንጓን አሳየኛ።»

ዋኘው ወደ ጎን ሲያይ ካባ ነው ያለው። ሰጠኝ ካባውን አየ፣ መምሬን አየ፣ እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። እጁ ግራሶ ነው፤ ያለው ነገር ደግሞ ዳዊት ነው። «መምሬ… ይቅር ይበሉኝና… ዳዊትዎን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት» አለ እየተርበተበተ። መምሬ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ካባቸውን ገለጡ፣ ማኅደሩን አነሱ። ዘንጓ ወደ ኋላ ተስባ ወገቧን ይዛ ተኝታለች። ዳገቱ ላይ መጽሐፉ ወደ ኋላ ሲወዛወዝ ይዟት ሄዷል።

ሰጠኝ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ከዚያ አስረዳን። ማኪና ስትዞር የፊቱ ጎማ ሰፋ አድርጎ ነው የሚሄድ፣ የኋላው ያቋርጣል፤ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ማዕዘን ሲታጠፉ የፊተኞቹ ብዙ፣ የኋለኞቹ ጥቂት እንደሚራመዱ ነው። እኩል ተራመዱ ተብለው አንድ ላይ የታሠሩ እንደሆነ በሽተኛውን ይጥሉታል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይተሳሰባል፤ ደረቅ ድንጋይ ላይ ግን ማምለጫ የለውምና እርስ በርሱ ይታገላል፣ መሪውም እምቢ ይላል። ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ አላገኘነው? መምሬ ሲወርዱ ዳዊታቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ዋኘው ሲያቆም ዘንጎቹን ሳያይ ወደ ፊት ይገፋል። ማታ ማኪናዋ ቤት ስትገባ ንጹሕ ናት።

መምሬ ማኅደሩን ደረታቸው ላይ ታቅፈው «እንግዲህ እኔ ነኛ በሽታው» አሉ።

ዋኘው ዘንጓን ወደ ፊት ገፋ። ኩርባውን ዞረ። ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ ዞረ። በአንድ እጁ! «ክንዴ ደህና ነው! ደህና ነኝ እኮ! ይመኙሽ፣ አየሽ?» ይላል። አየሁ። ደስታው እኔንም አሳቀኝ፣ አልዋሽም። ልቤ ፍርሃት ፍርሃት ያለው ድንጋዩን መንገድ ዳር ትቶት ሲነሳ ነው።

ኮሶዬ ደረስን። የአያ አድማሴ ጎጆ ከመንገዱ ይታያል። ዋኘው ቀስ አለ፣ ጡሩምባውን ነፋ፣ አለፈ።

«አቁም!» አልሁ። ሸራውን በቡጢ መታሁት። «አቁም እልሃለሁ!»

ቆመ። «ምነው?» ይለኛል ደግሞ።

መምሬም ዞረው አዩት። «ልጄ፣ መሐላህን ልፈታልህ አይደለም ወይ የመጣሁት?»

«አባቴ፣ ምልክቱ ምልክት አልነበረም እኮ። ዘንግ ነው» አለ ዋኘው። ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ነው የሚናገር። «ሌላ ጊዜ እንገባለን። አሁን መንገድ ይመሽብናል።»

«ልብህ ሳይፈቅድ እየጎተትሁ ባስገባህ ዕርቅ አይሆንም» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸው ከፍቶታል።

እኔ ወረድሁ። ጋቢዬን ይዤ፣ ነጠላዬን አጥብቄ፣ ወረድሁ። «ሂድ በል» አልሁት። «እኔ እናትህን ልጠይቅ ነው የመጣሁ፣ ማኪና ልመረምር አይደለም። ነገ ስትመለስ ትወስደኛለህ።» ሄደ። ሲናደድ ማርሹን ያስጮኻል፤ አስጮኸው።

እማሆይ መደቡ ላይ ተጋድመው ነበር። ከስተዋል። ጋቢውን ሳለብሳቸው በጣታቸው ዳሰሱትና ፈትሉን አመሰገኑልኝ። ከዚያ «አለፈ?» አሉኝ።

«አለፈ እማሆይ። መምሬን ይዞ ስለሚቸኩል ነው።»

«ፈጠነ ዛሬ። ሰሞኑን እዚያ ታች ኩርባው ላይ ማኪናዋ ታቃስት ነበር። ሲያስነሳት፣ ስትጠፋበት፣ ደግሞ ሲያስነሳት፣ ልጄ እዚህ ቅርብ ነው እያልሁ ረዘም አድርጌ እሰማው ነበር። ዛሬ አንዴ አቃሰተችና ቀሎት ሄደ።»

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ። አያ አድማሴ ጥግ ላይ ቀንበር ይጠርባል። ቀና አላለም፤ መጥረቢያው ግን ቆመ። ሚስቱ እራት አቀረበች፣ በላን፣ አደርን። ስለ ዋኘው አንድ ቃል አልተነሳም። እልኸኛ ዘር ነው፤ ሁለቱንም አንድ ማኅፀን ነው ያበቀላቸው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጡሩምባው ተሰማ። እኔ የእማሆይን ራስ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ትከሻቸውን አሻለሁ። ደግሞ ነፋ።

«ባልሽ ይጠራሻል» አለ አያ አድማሴ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ሆኖ ቀንበሩን እየጠረበ።

«ሰምቻለሁ።»

«አትወጪም?»

«እግሬን አሞኛል» አልሁት። እማሆይ ከት ብለው ሳቁ።

ጡሩምባው ረዘመ። ውሾቹ አበዱ፣ ጎረቤት ከየደጁ ብቅ ብቅ አለ። ቆየት ብሎ ሰጠኝ አጥሩ ጋ መጣና «ይመኙሽ፣ ዋኘው ነይ ይላል!» ብሎ ተጣራ።

«ቤቱ የአባቱ ነው፤ መግቢያውን ያውቀዋል በለው!» ብዬ መለስሁ። አያ አድማሴ እዚያው ተቀምጦ እየሰማ ነው። ትቶኝ ቢሄድስ? ይሄዳል እኮ፣ አውቀዋለሁ። እሱ እምቢ ሲል በጥይትም አይመለስ።

እንደገና ነፋ፤ አጠር ያለች፣ የልመና። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

ኮቴ ሰማን። ደጃፉ ላይ ብርሃኑ ጨለመ፤ ዋኘው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል፣ መድረኩን ግን አልረገጠም። መምሬ ከጀርባው መስቀላቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ። ግባ» አሉት። አንድ እግሩን አስገባ። ጠበቀ፤ እግሩ አልተሰበረም። ሁለተኛውን አስገባ። ከዚያ ወደ ወንድሙም፣ ወደ እናቱም ሳያይ፣ ወደ ጣሪያው እያየ «ተነሺ እንጂ፣ መሸ» አለኝ።

ማንም አልተነሳም። እማሆይ አንገታቸውን ከጉልበቴ ቀና አድርገው ወደ ደጁ አነጣጠሩ። ከብርሃኑ ጋር የቆመ ጥላ ነው የሚታያቸው።

«አድማሴ» አሉ፤ «ማነው የገባው?»

አያ አድማሴ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወንድሙን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከመደቡ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ወንድሜ ነው፣ እናቴ» አለ።